የወንድሟ ኩላሊት

ርብቃ አንጋጫ ከተማ በሚገኝ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የከምባትኛ መምህርት ናት። ልጆች እቤታቸው በአፍ ብቻ የሚያውቁት ቃል ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ሲያዩት ፊታቸው ላይ የሚመጣውን መገረም ትወደዋለች። ሆሳዕና ቢሮ ገብታ እንድትሠራ ተጠይቃ እምቢ ያለችውም ለዚሁ ነው። እሑድ እሑድ ደግሞ በአጥቢያዋ ቤተ ክርስቲያን የእናቶችን ኳየር ትመራ ነበር። ድምፅዋ ወፍራም ነው፤ መዝሙር ስታስጀምር ኋላ የተቀመጡት ሳይቀሩ ቀና ይላሉ።

እናቷ የሞተችው እሷ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች ነው። ታናሽ ወንድሟ ሆሴዕ ያኔ ገና አፉን መፍታቱ ነበር። አባታቸው ከእርሻው ውጭ ሌላ ነገር የማይሆንለት ዝምተኛ ሰው ስለነበር ሕፃኑን ያሳደገችው እሷ ናት። አዝላው ውኃ ትቀዳለች፣ አዝላው እንሰት ትፍቃለች። ትምህርት ቤት ስትሄድ ጎረቤት ትታው ስትመለስ በር ላይ ቆሞ ያለቅስ ነበር። አግብታ ስትወጣም ይዛው ወጣች። ባሏ ተገኘ በሀደሮ ወረዳ የግብርና ባለሙያ ነው፤ በሳምንቱ መጨረሻ ነው ቤቱ የሚመጣው። ሆሴዕን እንደ ልጁ ተቀብሎ አስተማረው። ሆሴዕ ግን ትምህርቱን አልገፋበትም። ሀደሮ አጠገብ መሬት ይዞ ዝንጅብል ማምረት ጀመረ፤ ተሳካለትም። ሰሎሜ የምትባል ልጅ አግብቶ እዚያው ኑሮውን መሠረተ።

የርብቃ ኩላሊቶች የተጎዱት በደም ግፊት ነው። ግፊት እንዳለባት እንኳ አታውቅም ነበር። ፊቷ ማበጥ ሲጀምር የጥርስ መስሏት ቆየች፤ ሐኪም ቤት ስትደርስ ሁለቱም ኩላሊቶቿ ደክመዋል ተባለች። ከዚያ የኩላሊት እጥበት መጣ። አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ተጠግታ ማሽን ላይ እየተኛች ወራት አለፉ። ከማሽኑ በተነሳች ቁጥር ግድግዳ ይዛ ነበር የምትራመደው።

ዘመድ ተሰብስቦ ማን ኩላሊት ሊሰጥ እንደሚችል ሲነጋገር፣ ሁሉም የራሱን ችግር እየቆጠረ ሳለ ሆሴዕ ከተቀመጠበት ተነሳ። እናቴ እሷ ናት፣ ሌላ እናት አላውቅም፣ የእኔን ይውሰዱ አለ። ተመረመረ፤ ሆነ። ኮቪድ ካለፈ በኋላ ንቅለ ተከላው አዲስ አበባ ተደረገላቸው። ርብቃ ከሰመመን ስትነቃ ነርሷ ሽንቷ መውረድ እንደ ጀመረ ነገረቻት፤ እንባዋ መጣ። ሆሴዕ በማግሥቱ በወንበር እየተገፋ ክፍሏ ገብቶ እጇን ያዘ። ከዚያች ቀን የሚበልጥ ደስታ በሕይወቷ አታስታውስም።

ሆሴዕ ከዚያ ወዲህ ስሙ ወጣ። ከሙዱላ እስከ ሆሳዕና ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ምስክርነት እንዲሰጥ ይጠሩት ጀመር። ወጣቶች ይጨብጡታል፤ ገበያ ላይ ሰው ሲያስተዋውቀው ኩላሊቱን የሰጠው ሆሴዕ ይላል እንጂ ዝንጅብል ነጋዴው አይልም። ርብቃ በዚህ ትኮራ ነበር። ሲመሰክር አጠገቡ አቁሟት፣ እጁን ትከሻዋ ላይ አድርጎ፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገላትን ጎን ለሕዝብ ያመለክታል። ያኔ ትንሽ ታፍራለች፤ ግን ዝም ትላለች። የሰጠው እሱ ነዋ።

ነጠብጣቡ የታየው ነገሩ ሁሉ ደህና በሚመስልበት ጊዜ ነው። ግራ እግሯ ላይ፣ ከቁርጭምጭሚቷ በታች፣ ወይን ጠጅ መልክ ያለው ነገር ወጣ። አያምም፣ አያሳክክም። ጫማ ቀጥቅጧት ይሆናል ብላ ተወችው። ቀጥሎ ሌላ ወጣ፤ ቀጥሎ ባቷ ላይ። ከሰሌዳው ፊት ቆማ ስታስተምር ስትውል እግሯ ማበጥ ጀመረ። ለመደበኛ ክትትል አዲስ አበባ ስትሄድ ሐኪሟ ዶክተር ሱራፌል ጫማዋን እንድታወልቅ ጠየቃት። አየው። ከቆዳዋ ላይ ናሙና ተወሰደ።

ውጤቱ ሲመጣ ዶክተሩ በሩን ዘግቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ካንሰር ነው አላት፤ ካፖሲ የሚባል የደም ሥር ካንሰር። ነገር ግን ሊመለስ የሚችል ዓይነት ስለሆነ ተስፋ እንዳትቆርጥ ለመናት። ከምን መጣ ስትለው በደንብ አስረዳት። የወንድሟን ኩላሊት ሰውነቷ እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንዳይገፋው በየቀኑ የምትወስደው መድኃኒት የሰውነቷን ዘበኞች ያደክማል። ዘበኞቹ ሲደክሙ፣ እነሱ ነቅተው ቢሆን ኖሮ ዕድሜ ልኩን ተኝቶ የሚቀር ቫይረስ ይነሳል። ይህን ካንሰር የሚያመጣው እንዲህ ያለ ቫይረስ ነው።

ርብቃ ደነገጠች። ዶክተሩ ምን እንዳሰበች ገብቶታል።

«ኤች አይ ቪ አይደለም» አላት። «ከንቅለ ተከላው በፊት ተመርምረሻል፤ አሁንም ደግመን መርምረናል፤ የለብሽም። ይሄ ሌላ ቫይረስ ነው። አገራችን ውስጥ ብዙ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ይዞት ይኖራል። በምራቅ ይተላለፋል፤ እናት ለልጇ፣ ልጅ ለልጅ። አብዛኛው ሰው አንድም ቀን ሳያመው ይሞታል።»

«ታዲያ እኔ ከየት አመጣሁት?»

«ምናልባት ከልጅነትሽ ጀምሮ አንቺው ጋ ነበር። ምናልባትም ከተሰጠሽ ኩላሊት ጋር መጥቶ ይሆናል። አሁን ማወቅ አንችልም፤ ብናውቀውም ሕክምናው አይለወጥም። የማንም ጥፋት አይደለም።»

ሕክምናው ቀላል አልነበረም። ዘበኞቹ እንዲነቁ መድኃኒቱ መቀነስ አለበት፤ በጣም ከተቀነሰ ደግሞ ኩላሊቱ ሊገፋ ይችላል። ዶክተሩ አንዱን መድኃኒት አቆመ፣ ሌላውን በሌላ ዓይነት ለወጠው፤ ቶሎ ቶሎ እየመጣች ደሟን እንድትታይም አዘዛት።

ወደ አገሯ ስትመለስ መጀመሪያ የሄደችው ባሏ ጋ ሳይሆን ወንድሟ ጋ ነው። ለዚህ ምክንያት ነበራት። ኩላሊቱ ሊጠፋ የሚችል ከሆነ፣ ከሁሉ በፊት ማወቅ የሚገባው የሰጠው ሰው ነው ብላ አሰበች። ሆሴዕን ያገኘችው የተቆፈረውን ዝንጅብል ሸራ ላይ አስጥቶ ሲያገላብጥ ነው። ራቅ ብለው ተቀመጡ። ሁሉንም ሳታስቀር ነገረችው፤ ጫማዋንም አውልቃ አሳየችው። ዶክተሩ እንዳላት፣ ካንሰሩን ያመጣው ቫይረስ ነው አለችው።

ሆሴዕ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«ቫይረስ?» አለ።

«ያኛው አይደለም። ሌላ ነው፤ ብዙ ሰው ላይ አለ አሉኝ።»

ራሱን ነቀነቀ። እንደገባው አድርጋ ወሰደችው። ቫይረሱ ከእሱ ኩላሊት ጋር መጥቶ ሊሆን ይችላል የተባለውን ግን ዋጠችው፤ ለሰጠ ሰው እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይነገራል? ለተገኘ የምነግርበት ቃል እስካገኝ ለማንም እንዳትናገር አለችው። ለማንም አልናገርም አላት። መንገድ ድረስ ሸኛት፤ እንደ ወትሮው ግን አልሳማትም። ይህን ያስተዋለችው ቆይቶ ነው።

በእኛ ዘንድ ቫይረስ ሲባል አንድ ነገር ብቻ ነው የሚገባው። ርብቃ የቋንቋ መምህርት ሆና ሳለ ይህን አለማሰቧ ኋላ ላይ ራሷን አስገረማት። ሌላ የምትለው ቃል ግን አልነበራትም፤ ዶክተሩም ያላት ይህንኑ ነው።

ሆሴዕ ለአጥቢያዋ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ነገራቸው። ሐሜት አልመሰለውም፤ ወይም ለራሱ እንደዚያ ብሎ ነግሮታል። ያቀረበው እንደ ጸሎት ርዕስ ነበር፦ እህቴ ቫይረስ ተገኝቶባታል፣ ሰውነቷ ላይም ወጥቷል፣ በስውር ያለው ነገር እንዲገለጥ ጸልዩልን። ርዕሱ ከሽማግሌዎች ወደ ጸሎት ቡድን፣ ከጸሎት ቡድን ወደ ሴቶች ኅብረት ሄደ። በየቤቱ ተንበርክከው ጸለዩላት፤ ሲነሱ ግን ስለ እሷ አወሩ። ተገኘ ሀደሮ ቢሮው ውስጥ ከሥራ ባልደረባው ሰማ። ዲላ የምትማረው ልጃቸው ቤቴል ደውላ፣ እማ የሚባለው እውነት ነው ወይ አለቻት። ርብቃ ነገሩ መውጣቱን ያወቀችው በዚያ ስልክ ነው። ማን እንደነገራት ስትጠይቃት፣ አጎቴ ነው የተናገረው ይባላል አለች ልጅቱ። ርብቃ ስልኩን ከዘጋች በኋላም ከጆሮዋ ሳታወርደው ቆመች።

ያን ቅዳሜ ተገኘ መጣ። እሷም ዶክተሩ ያላትን ቃል በቃል ነገረችው። አዳመጣት። አልተቆጣም፣ አልጮኸም። ፍራሹን አንስቶ ወደ ቤቴል ክፍል ወሰደ፤ ወገቤን ስለሚያመኝ ነው አለ። በሚቀጥለው ሳምንት ሲመጣ ፊቱ ፈካ ብሎ ነበር። እራት ከበሉ በኋላ፣ ደስ የሚል ወሬ እንደሚያበስር ሰው፣ ሆሳዕና ሄዶ መመርመሩን ነገራት።

«ነጻ ነኝ» አላት።

«እኔስ?»

ተገኘ ሳህኖቹን ሰብስቦ ወደ ጓዳ ወሰደ። ከዚያ በፊት ሳህን አንስቶ አያውቅም።

ሽማግሌዎቹ የመጡት እሑድ ከአምልኮ በኋላ ነው። ወንጌላዊ ነህምያ፣ ሌላ አንድ አዛውንት፣ ሦስተኛው ራሱ ሆሴዕ። ርብቃ ወንድሟን ከእነሱ ጋር በራፏ ላይ ስታየው፣ እሷን ሊያግዝ የመጣ መሰላት። እሱ ግን ከሽማግሌዎቹ ወገን ተቀመጠ። ወንጌላዊ ነህምያ መልካም ሰው ናቸው፤ አነጋገራቸውም ለስላሳ ነው። ቤተ ክርስቲያኗ እንደምትወዳት፣ ማንም እንደማይፈርድባት፣ ነገሩ እስኪጣራ ግን ከኳየሩ ለጊዜው ብታርፍ ለእሷም እረፍት እንደሚሆን ተናገሩ። ከዚያም ስለ ደም ምርመራው አነሱ።

«እህት ርብቃ፣ ውጤቱን ብታሳዪን እኛም በጉባኤው ፊት አፋችንን ሞልተን እንናገርልሻለን።»

ርብቃ ተገኘን አየችው። ተገኘ ጣራውን ያያል። ሆሴዕን አየችው።

«አንተስ ሆሴዕ፣ ወረቀት ካላየህ አታምነኝም?»

«እህቴ፣ እኔ እኮ የሰውነቴን ክፍል ነው የሰጠሁት» አለ ሆሴዕ። «ሕዝብ ፊት ቆሜ መስክሬአለሁ። ሰው ምን ይለኛል? ኩላሊቱን ለማን ሰጠው አይሉም?»

ለማን የሚለው ቃል ቤቱ ውስጥ ተንጠልጥሎ ቀረ። ርብቃ ይህን ልጅ በር ላይ ቆሞ ሲያለቅስ ታስታውሰዋለች። ውጤቱ ጓዳ ውስጥ ነበር፤ ተነስታ ብታመጣው ነገሩ ሁሉ ያን ዕለት ያበቃ ነበር። አልተነሳችም።

«ውጤቱን አላሳይም» አለች። «የለብኝም ብያችኋለሁ፤ ቃሌ ይበቃ ነበር። ደግሞስ ቢኖርብኝ ኖሮ ከመዝሙር ታግዱኝ ነበር? በዚያ ጉባኤ ውስጥ ያን መድኃኒት የሚውጡ እህቶች ተቀምጠዋል። እኔ ወረቀት ይዤ ንጹሕ ነኝ እያልኩ ብወጣ እነሱን ምን እያልኳቸው ነው?»

ወንጌላዊ ነህምያ ጸልየው ወጡ። ሆሴዕ ከኋላ ቀርቶ አንድ ነገር ሊላት ፈልጎ ነበር፤ እሷ ፊቷን ወደ ጓዳው አዞረች።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ወራት ከማሽኑ ዘመን የከፉ ነበሩ። ማሽኑ ላይ ሳለች የሚጠይቃት ሰው ነበር። አሁን ትምህርት ቤት ሻይ የሚጋብዟት መምህራን ብርጭቆዋን ለየት አድርገው ያስቀምጡላታል። እሑድ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሌላ ሴት መዝሙሯን ስታስጀምር ትሰማለች። አዲስ አበባ ለክትትል የምትሄደው ብቻዋን ሆነ። ኩላሊቱ እንዳይገፋ ትፈራለች፤ ነጠብጣቡ እንዳይሰፋ ትፈራለች። አንዳንዴ ጎኗን በእጇ ስትነካ የሆሴዕ ሥጋ እዚያ ውስጥ እንዳለ ትዝ ይላትና እጇን ትሰበስባለች። የሰጣት እሱ ነው፤ አሳልፎ የሰጣትም እሱ ነው። የጠላችውን ሰው ከቤቷ ማስወጣት ትችል ይሆናል፤ ይሄኛው ግን ደሟን እያጣራ በውስጧ ይኖራል።

አንድ ነገር በልቧ ብዙ ጊዜ ተለማምዳለች። ሆሴዕ በሚመሰክርበት ጉባኤ መካከል ተነስታ፣ ቫይረሱ ከአንተ ኩላሊት ጋር መጥቶ ሊሆን ይችላል ብለውኛል፣ አንተስ ከየት አመጣኸው ልትለው። ሐሰት አይሆንም ነበር። ግን ያን ብታደርግ እሱ ያደረገባትን መልሳ ማድረጓ ነው። ደግሞ ይህን የሰማ ሌላ ወንድም ለእህቱ ኩላሊት ለመስጠት ሊፈራ ይችላል። ተወችው፤ ባትለውም ግን ቃሉ ከውስጧ አልወጣም።

በዚያ ሰሞን ቤቷ የገባች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ማራኪ ትባላለች፤ ገበያ ውስጥ ቅቤ የምትሸጥ፣ በጉባኤው ውስጥ ከማንም ጋር ብዙ የማታወራ ሴት። ቅቤ በቅጠል ጠቅልላ ይዛ መጣች፤ ቁጭ ብላ ስለ ዝናቡ አወራች። ልትሄድ ስትነሳ፣ ለሽማግሌዎቹ ያልሽውን ሰምቻለሁ አለቻት። እኔ ከሚውጡት አንዷ ነኝ፣ ባሌ ከሞተ ጀምሮ፣ እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም አለቻት። ርብቃ ተነስታ አቀፈቻት። ከዚያ ወዲያ አዲስ አበባ ስትሄድ የምትሸኛት፣ ስትመለስም መናኸሪያ የምትቀበላት ማራኪ ሆነች።

መድኃኒቱ ሠራ። መጀመሪያ እብጠቱ ጎደለ፤ ከዚያ ነጠብጣቦቹ ወደ ቡናማ፣ ከቡናማ ወደ ጠባሳ ተለወጡ። ኩላሊቱም፣ ትንሽ ደከም ቢልም፣ አልተገፋም። ዶክተር ሱራፌል እግሯን አይቶ በረዥሙ ተነፈሰ፤ እሱም ፈርቶ እንደነበር ያወቀችው ያኔ ነው።

ሆሴዕ እውነቱን የሰማው በራሱ ቀጠሮ ነው። ኩላሊት የሰጠ ሰውም በየጊዜው መታየት ስላለበት አዲስ አበባ ሄደ። ደፍሮ ስለ እህቱ ቫይረስ ጠየቀ። ዶክተሩ የእሷን ጉዳይ ያለ እሷ ፈቃድ አልናገርም አለው። ነገር ግን ኩላሊት በተተከለላቸው ሰዎች ላይ የትኛው ቫይረስ የትኛውን ካንሰር እንደሚያመጣ፣ ያም ከኤች አይ ቪ ጋር እንደማይገናኝ፣ አንዳንዴም ቫይረሱ ሳይታወቅ ከሰጪው ኩላሊት ጋር ሊተላለፍ እንደሚችል በጠቅላላው አስረዳው።

ሆሴዕ ከአውቶቡስ ወርዶ በቀጥታ እሷ ቤት መጣ። ሳይቀመጥ፣ እንደቆመ ጠየቃት።

«ከእኔም መጥቶ ሊሆን እንደሚችል ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አልተናገርሽም?»

«አንተ ስለሰጠኸኝ።»

ተንበርክኮ ጉልበቷን ሊይዝ ሲል ከለከለችው። ይቅርታ ጠየቃት፤ አለቀሰም። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ ነገረችው፤ በተናገረበት ቦታ፣ ለተናገራቸው ሰዎች፣ እህቴ እውነቷን ነበር እኔ ነኝ ያላመንኳት ብሎ እንዲናገር። በእርግጥ አደርገዋለሁ አላት።

እሑድ ደረሰ። ሆሴዕ መድረክ ላይ ወጣ። ርብቃ ከማራኪ አጠገብ ተቀምጣ ነበር፤ ተገኘም ያን ቀን ሸሚዙን ተኩሶ መጥቶ አጠገቧ ተቀምጧል። ሆሴዕ ጌታን አመሰገነ። ኩላሊቱን ስለ ሰጠበት ቀን ትንሽ ተናገረ። ከዚያ በእህቱ ጤና ዙሪያ አንዳንድ አለመግባባት ተፈጥሮ እንደነበር፣ ጠላት ቤተሰባቸውን ሊከፋፍል እንደሞከረ፣ አሁን ግን እህቱ ፈጽማ እንደተፈወሰች መሰከረ። ሕዝቡ አሜን አለ፤ አጨበጨበ። ወንጌላዊ ነህምያ ርብቃ ወደ መድረክ እንድትመጣና መዝሙር እንድታስጀምር በእጃቸው ጠሯት።

አልተነሳችም። አለመግባባት የሚለውን ቃል እያሰላሰለች ነበር። ማንም ያጠፋ ሰው የሌለበት፣ ራሱ ተፈጥሮ ራሱ የጠፋ ነገር አደረገው። ተገኘ፣ ሂጂ እንጂ እየጠበቁሽ ነው አላት። ማራኪ ግን እጇን ያዘቻት።

ውጭ ሆሴዕ ፈገግ ብሎ ወደ እሷ መጣ።

«ደስ አለሽ?»

«ወንድሜ ነህ» አለችው። «ስለሰጠኸኝ እስክሞት አመሰግንሃለሁ፤ ይህንን ለጠየቀኝ ሁሉ እናገራለሁ። ምስጢሬን ግን ሁለተኛ አልነግርህም።»

ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። ሰው እያያቸው ስለነበር እጇን ጨብጦ ሄደ።

አሁን ርብቃ ታስተምራለች። ኳየሩ ውስጥ አልተመለሰችም፤ የሚዘምሩትን ግን ኋላ ተቀምጣ አብራ ትዘምራለች። ተገኘ ፍራሹን መልሷል፤ አብረው ይበላሉ፣ ስለ ቤቴል ምረቃ ይነጋገራሉ፤ ስለዚያ ዘመን ግን አያነሱም። ሰሎሜ ስትወልድ ርብቃ ሄዳ አርሳታለች፤ ሕፃኑንም ታቅፋለች። ሆሴዕ በሳምንት በሳምንት ይደውላል። ባለፈው ወር ዶክተር ሱራፌል የደም ውጤቷን አይቶ ኩላሊቱ እየደከመ መምጣቱን፣ ምናልባት ከዓመታት በኋላ ማሽኑን እንደገና ማሰብ ሊያስፈልግ እንደሚችል ነገራት። ከአዲስ አበባ ስትመለስ ለማራኪ ነገረቻት፤ ሁለቱም መናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ብዙ ተቀመጡ። እዚያው እንዳሉ ሆሴዕ ደወለ። ምን አሉሽ ብሎ ጠየቃት።

«ደህና ነው አሉኝ» አለችው፤ ስለ ዝንጅብሉም ጠየቀችው።